የነገረ ፈጅ ብዕር፤ ለንግድ ማኅበር ጠበቆችና ለሕግ ተማሪዎች የተጻፈ ምክር



ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ፥ ስለ ሰካራምና ስለ ሐሰተኛ ምስክር ብዙ ምክር ተጽፎአል። ስለ አንድ ሰው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ እርሱም ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጦ የንግድ ማኅበርን ወረቀት የሚጽፈው ሰው ነው። ይህ ሰው በችሎት ቆሞ ሲከራከር አይታይም፤ ድምፁም በአደባባይ አይሰማም። ዳሩ ግን የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅቅ፥ የሽያጩንና የብድሩን ውል የሚያዘጋጅ፥ ቃለ ጉባኤውን የሚያስተካክል፥ ሥራ አስኪያጁ ሊያደርግ ያሰበውን ነገር «ሕግ ይፈቅዳል» ወይም «ሕግ ይከለክላል» ብሎ የሚመልስ እርሱ ነው። የምትበላው ዳቦ ዱቄቱ፥ የለበስኸው ልብስ ጨርቁ፥ ገንዘብህን ያስቀመጥህበት ባንክ፥ ይህ ሁሉ በአንድ ማኅበር እጅ አልፎአል፤ በዚያም ማኅበር ወረቀት ላይ የአንድ ነገረ ፈጅ ብዕር አልፎበታል።

ይህ ትንሽ ጽሑፍ ለዚህ ሰውና ሞያውን ለሚማረው ወጣት የተጻፈ ነው። ጠበቃ ያልሆንህ አንባቢም «ይህ እኔን አይመለከተኝም» አትበል፤ አንተም አክሲዮን ትገዛለህ፥ ውል ትፈርማለህ፥ ደመወዝህንም ከማኅበር ትቀበላለህና። የውጭ አገርን ነገር በምንጠቅስበት ጊዜ ዓመቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን በምንጠቅስበት ጊዜ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

፩. ማኅበር ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሕግ ሁለት ዓይነት ሰው ያውቃል። አንደኛው ከእናቱ ማኅፀን የተወለደ ነው፤ ሁለተኛው ከወረቀትና ከማኅተም የተወለደ ነው። ይህ ሁለተኛው ሥጋና ደም ሳይኖረው በስሙ ሀብት ይይዛል፤ ይከሳል፥ ይከሰሳልም፤ ያበድራል፥ ይበደራልም። የሕግ ሰውነት ያለው የሚባለው ስለዚህ ነው።

በሎንዶን ከተማ አሮን ሰሎሞን የሚባል ጫማ ሠሪ ነበረ። በ1892 ሥራውን ወደ ማኅበር ለወጠው። የዚያ ጊዜ ሕግ ሰባት ማኅበርተኞች እንዲኖሩ ያዝዝ ነበርና፥ ለሚስቱና ለአምስት ልጆቹ አንዳንድ አክሲዮን ሰጥቶ ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001ዱን ለራሱ ያዘ። ሥራው በከሰረ ጊዜ ስለ አበዳሪዎቹ የቆመው ሒሳብ አጣሪ «ይህ ማኅበር ሰሎሞን ራሱ ነው፤ ዕዳውን ከገዛ ኪሱ ይክፈል» ብሎ ተከራከረ። የታችኞቹ ዳኞች ለአጣሪው ፈረዱለት፤ በ1896 ግን የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ማኅበሩ ከሰሎሞን የተለየ ሌላ ሰው ነው ብሎ ወሰነ። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ማኅበራትን በዚህ ዓይነት ሥርዓት አቆመ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁም ዘንድ ፈቀደ።

ሥርዓቱ በራሱ ክፉ አይደለም። አንዲት መበለት ከቁጠባዋ አንድ ሺህ ብር አውጥታ አክሲዮን ብትገዛና ማኅበሩ ቢከስር፥ የምታጣው ያንኑ አንድ ሺህ ብር ነው እንጂ ቤትዋ አይሸጥባትም። ስለዚህም ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው አንድ ባለጠጋ ብቻውን የማይሠራውን ፋብሪካ ሊሠሩ ይችላሉ። ዳሩ ግን አስተውል፤ ይህ ከወረቀት የተወለደ ሰው ሕሊና የለውም። ሌሊት አይባንንም፤ በልጁ ፊት አያፍርም፤ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ አይጸጸትም። ሕሊና የሚኖረው በወረቀቱ የተጻፈለት እንደ ሆነና በዙሪያው ያሉትም ሰዎች ሕሊናቸውን ያልሸጡ እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ ወረቀቱን የሚጽፈው ማን ነው? አንተ አይደለህምን?

፪. ሁለት ጽሑፎች

በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ርስት የተጻፉ ሁለት ዓይነት ጽሑፎች ታሪክ ይገኛል፤ ነገረ ፈጅ የሆነ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይገባዋል።

ፊተኛው ኤልዛቤል የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሸጥም አለ። ኤልዛቤል ወንበዴ ልካ ቦታውን አልነጠቀችም። በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፥ በማኅተሙም አተመችው፤ የከተማውን ሽማግሌዎች ሰበሰበች፥ ጾም አሳወጀች፤ ሕጉ እንደሚያዝዝም ሁለት ምስክሮችን አቆመች። ከሥርዓቱ አንድም የጎደለ አልነበረም። የጎደለው እውነት ብቻ ነበረ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። የናቡቴ መከራ ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ የወይን ቦታውም ነፍሱም የሄዱት በፍርድ ስም ነውና። ዐመፅ የፍርድን ልብስ በለበሰች ጊዜ ተበዳዩ ወዴት ይጮኻል?

ሁለተኛው ነቢዩ ኤርምያስ በዓናቶት ላለው እርሻ ያጻፈው የግዢ ውል ነው። ኢየሩሳሌም በጠላት ተከብባ፥ ነቢዩም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ እርሻውን ከዘመዱ ገዛ። ብሩን በሚዛን መዘነ፤ ውሉን ፈረመ፥ ምስክሮችንም አቆመ። የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱን ጽሑፍ ለባሮክ ሰጥቶ፥ ብዙ ዘመን ይቆዩ ዘንድ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው አዘዘው። ከተማይቱ ልትፈርስ ሳለች፥ ገና ላልመጣው ትውልድ ብሎ ጻፈ።

በሁለቱም ዘንድ ማኅተም አለ፤ በሁለቱም ዘንድ ምስክር አለ። ልዩነቱ በጥበብ አይደለም፤ ልዩነቱ ጽሑፉ የሚያገለግለው ማንን ነው በሚለው ነው። አንተም ነገ ጠዋት በጠረጴዛህ ላይ የምታገኘው ወረቀት ከሁለቱ ወደ አንዱ ያዘነበለ ነው።

፫. «ማኅበር ለትርፍ ብቻ ነው» ለሚል ሰው

አንዳንድ የሕግ ዐዋቂ እንዲህ ይላል፦ «የማኅበር ሥራ ለባለ አክሲዮኖች ትርፍ ማስገኘት ነው። በጎ ሥራ የሚወድ ሰው በገዛ ኪሱ ያድርገው።» ይህ ቃል በከንቱ የተነገረ አይደለምና አቃልለን አንለፈው። በሌላ ሰው ገንዘብ ለጋስ መባል በእውነት ልግስና አይደለም።

ነገሩ በአሜሪካ አገር በፍርድ ቤት ተመርምሮአል። የመኪና ፋብሪካ ጌታ ሄንሪ ፎርድ በ1916 ለባለ አክሲዮኖች ይሰጥ የነበረውን ልዩ የትርፍ ድርሻ ከለከለ፤ የመኪናውን ዋጋ እቀንሳለሁ፥ ፋብሪካውን አሰፋለሁ፥ ብዙ ሠራተኞችንም እቀጥራለሁ አለ። ከአክሲዮኑ ከመቶ አሥር እጅ የነበራቸው ጆንና ሆራስ ዶጅ የተባሉ ወንድማማቾች ከሰሱት። በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ የንግድ ማኅበር ከሁሉ በፊት ለባለ አክሲዮኖች ትርፍ የሚቋቋም ነው ብሎ ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈላቸው አዘዘ። ፋብሪካውን ስለማስፋት ግን ነገሩ በአስተዳዳሪዎቹ ማስተዋል የሚወሰን ነው ብሎ አልከለከለውም።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ዳኞቹ ለአስተዳዳሪዎች ሰፊ ሥልጣን ትተውላቸዋል፤ ስለዚህ «ሕግ ክፉ እንድናደርግ ያስገድደናል» የሚል ነገረ ፈጅ ሕጉን ያማዋል። ሠራተኛውን አታልል፥ ወንዙን መርዝ፥ አበዳሪውን ዋሽ የሚል የማኅበር ሕግ የለም። ሁለተኛ፥ ማኅበርተኞቹ ከትርፍ ሌላ ዓላማ ይኑረን ብለው በጋራ ተስማምተው ያልጻፉት ነገር፥ በአንዱ ሰው ልብ ብቻ የተቀመጠ በጎ ሐሳብ ሆኖ፥ በፍርድ ቀን የሚቆምበት እግር አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ራሱ ብዙ ተራምዶአል። እንግሊዝ በ2006 ባወጣችው የማኅበራት ሕግ አስተዳዳሪዎች ለማኅበርተኞች ጥቅም ሲሠሩ ስለ ሠራተኞች፥ ስለ ዕቃ አቅራቢዎች፥ ስለ አካባቢው ሕዝብና ስለ ተፈጥሮ እንዲያስቡ አዘዘች። ከአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ሜሪላንድ በ2010 ከሁሉ ቀድማ፥ ከትርፍ ጋር የሕዝብን ጥቅም በደንቡ የሚያስር ማኅበር በሕግ ፈቀደች፤ እጅግ ብዙ ታላላቅ ማኅበራት የተመዘገቡባት ዴላዌርም በ2013 ተከተለች። ፈረንሳይም በ2019 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ይህ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ጠበቆች ቁጭ ብለው የጻፉት ነው። ለአሜሪካው ሕግ አርአያ የሆነውን ረቂቅ ያዘጋጀው የፊላደልፊያ ጠበቃ ዊልያም ክላርክ ነው። በእንግሊዝ አገርም ስቲቨን ሎይድ የተባለ የሎንዶን ጠበቃ፥ እየነገዱ ሕዝብን ሊያገለግሉ ለሚወዱ ሰዎች የሚመች የማኅበር ዓይነት እንደ ታጣ አይቶ ከባልንጀራው ጋር አዲስ ሐሳብ አቀረበ፤ ከ2005 ጀምሮም ሀብቱ ለሕዝብ ጥቅም በሕግ የተቆለፈ፥ ማንም ሸጦ ሊከፋፈለው የማይችል የማኅበር ዓይነት ተመሠረተ። እነዚህ ሰዎች ሞያቸውን ትተው ለበጎ ሥራ አልወጡም፤ በዚያው በሞያቸው በጎ ሥራ ሠሩ።

፬. በቃል ያለ ይረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሁላችን ከልጅነት ጀምረን እናውቀዋለን። እውነተኛነቱን በአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ እንመልከት።

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ካድበሪ የተባሉ፥ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን የሆኑ ወንድማማቾች ቸኮላታ ይሠሩ ነበር። በ1879 ፋብሪካቸውን ጢስ ከበዛበት ከተማ አውጥተው ቦርንቪል ወደ ተባለ ሜዳ ወሰዱት። ጆርጅ ካድበሪ በዚያ ስፍራ የአትክልት ቦታ ያላቸው መልካም መልካም ቤቶች አሠራ። በ1900 ግን አንድ ነገር አሰበ፦ «እኔ ስሞት ይህ ምን ይሆናል?» ስለዚህ ከ300 በላይ የሆኑትን ቤቶች ከነመሬታቸው ከገዛ ርስቱ አውጥቶ፥ በአደራ ውል ጽፎ ለባለ አደራዎች አስረከበ፤ ገቢውም ለዚያው ሥራ እንዲውል እንጂ ወደ ቤተ ሰቡ ኪስ እንዳይመለስ አሰረው። እርሱ ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖአል፤ ያ የባለ አደራዎች ድርጅት ግን ዛሬም ቤቶቹን ያስተዳድራል።

የቸኮላታው ማኅበር ነገር እንደዚህ አይደለም። ለሠራተኞቹ በጎ በማሰብ ብዙ ዘመን የተመሰገነ ማኅበር ነበረ፤ ዳሩ ግን ያ በጎነት በባለቤቶቹ ጠባይ ላይ የቆመ ነበር እንጂ ከአክሲዮኑ ጋር በሕግ የታሰረ አልነበረም። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ሆነ፤ በ1969 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሐደ፤ በ2010ም ክራፍት የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በ11 ቢሊዮን ፓውንድ በሚበልጥ ዋጋ ገዛው። ገዢው ለመግዛት በሚደራደርበት ጊዜ፥ ሊዘጋ የታሰበውን በብሪስቶል አጠገብ ያለውን ፋብሪካ ሳይዘጋ ለማቆየት እንደሚችል ያምን እንደ ነበር ተናገረ። ግዢው በተፈጸመ በጥቂት ቀን ፋብሪካው እንደሚዘጋ አስታወቀ። የማኅበራትን ግዢ የሚቈጣጠረው የእንግሊዝ ጉባኤ በዚያው ዓመት ገዢውን በግልጽ ወቀሰው፤ በ2011ም እንዲህ ያለው ቃል ተናጋሪውን እንዲይዘው ደንቡን አጠበቀ። ለዚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ወቀሳው እንጀራ አልሆነላቸውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሁለቱን አነጻጽር። የአንድ ሰው አንድ በጎ ሐሳብ ነበረ፤ በውል የታሰረው ቀረ፥ ያልታሰረው ተሸጠ። ደግ ነጋዴ ወደ አንተ መጥቶ «ሠራተኞቼን እወዳለሁ፥ ከተማዬን መጥቀም እሻለሁ» ቢልህ፥ አመስግነኸው ብቻ አትሸኘው። «ጌታዬ፥ እንጻፈው» በለው።

፭. ክሱን ረትቶ የተረታ

ይኸው ቤተ ሰብ ሌላም ትምህርት ትቶልናል፤ መልካም ሰዎችም የሚፈተኑበት ነውና ልንሸሽገው አይገባም። ለቸኮላታቸው ከሚገዙት ካካዎ ብዙው ፖርቱጋል ትገዛቸው ከነበሩት ከሳኦ ቶሜና ከፕሪንሲፔ ደሴቶች ይመጣ ነበር። በ1901 ዊልያም ካድበሪ በእነዚያ ደሴቶች ሰዎች ከአንጎላ ተወስደው እንደ ባሪያ እንደሚሠሩ ሰማ። ማኅበሩ መርማሪ ላከ፥ መንግሥታትን ለመነ፥ ደብዳቤ ጻፈ፤ እየገዛንም ብንቆይ በአምራቾቹ ላይ ተጽዕኖ ይኖረናል ብሎ አሰበ። መግዛቱን የተወው ግን በ1909 ነው። ስምንት ዓመት አለፈ።

ስታንዳርድ የተባለው ጋዜጣ ግብዞች ናችሁ የሚል ነገር በጻፈባቸው ጊዜ ካድበሪዎች በስም ማጥፋት ከሰሱት። በዚያው በ1909 መጨረሻ ነገሩ በበርሚንግሃም ታየ። ኤድዋርድ ካርሰን የተባለው የጋዜጣው ጠበቃ ዊልያም ካድበሪን ስለ እነዚያ ስምንት ዓመታት አጥብቆ ጠየቀው። የፍርድ ሸንጎዎቹ ጋዜጣው በድሎአል ብለው ለካድበሪዎች ፈረዱ፤ ካሣውን ግን የአንድ ፔኒ ሩብ ብቻ አደረጉት። ይኸውም በእንግሊዝ አገር ከነበረው ሳንቲም ሁሉ የመጨረሻው ትንሹ ነው።

በሕግ ረቱ፤ ነገር ግን ፍርዱ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ አስተውል። አንተም ለደንበኛህ «በዚህ ነገር ልትከሰስ አትችልም» ብለህ እውነቱን ልትነግረው ትችላለህ። ዳሩ ግን ሥራህ በዚያ አልተፈጸመም። «ልትከሰስ አትችልም፤ ሆኖም ከሚያስለቅሰው እጅ እየገዛህ ነው፤ እስከ መቼ ነው የምትቆየው? ቀኑን ቁረጥ» ልትለው ይገባል። ቀን ያልተቈረጠለት ንስሐ በስምንት ዓመትም አያልቅም።

፮. ተስፋና ግዴታ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በባንግላዴሽ አገር ከዳካ ከተማ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለ ስምንት ፎቅ ያለው ሕንፃ ነበረ፤ ለአውሮጳና ለአሜሪካ ሱቆች ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎችም ነበሩበት። ሚያዝያ ወር በ2013፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ23ኛው ቀን፥ ግድግዳው ተሰንጥቆ ታየ። በታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። ልብስ ሰፊዎቹን ግን በማግሥቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ አዘዙአቸው። ሕንፃው ወደቀ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ ቀን በፊት ከታላላቆቹ ልብስ ሻጮች ብዙዎቹ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ያማረ የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው። ያ ወረቀት ግን ማንንም አያስርም ነበር፤ ጥሶት የተገኘ በማን ፊት ይቆማል የሚል ቃል አልነበረበትምና። በሚቀጥለው ወር ግን ከሠራተኞች ማኅበራት ጋር ሌላ ዓይነት ውል ተፈረመ፤ በኋላም ከ200 በላይ ሻጮች ገቡበት። ፋብሪካዎቹ በነጻ መርማሪዎች እንዲመረመሩ፥ ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጥ፥ ገዢዎቹም ጥገናው ገንዘብ እንዲያገኝ እንዲረዱ ያስገድድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን ውሉን የጣሰ በግልግል ዳኞች ፊት እንዲቆም የሚል አንቀጽ ነበረበት። ይህም አንቀጽ በከንቱ አልተጻፈም፤ የሠራተኞች ማኅበራት በ2016 ሁለት ገዢዎችን በሄግ በግልግል ዳኝነት ከሰሱ፤ በስምምነት ባለቀው በአንዱ ክስ ብቻ ለፋብሪካዎች ጥገናና ለተጓዳኝ ሥራ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ።

ወዳጄ ሆይ፥ ያማረውን ደንብ የጻፈም ነገረ ፈጅ ነው፤ የሚያስረውን አንቀጽ የጻፈም ነገረ ፈጅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት መስመር ነው፤ በዚያ ጥቂት መስመር ግን የሰው ነፍስ ተንጠልጥሎበታል።

፯. የነገረ ፈጅ ጠባይ

እንግዲህ በየቀኑ ሥራህ የሚረዳህን ምክር በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፥ ከገበታው ማን እንደ ጎደለ ጠይቅ። በውሉ የሚፈርሙት ሁለቱ በፊትህ ተቀምጠዋል፤ የማይፈርመው ግን የት አለ? ፋብሪካው ሲሸጥ ሠራተኛው፥ ዕዳው ሲዛወር አበዳሪው፥ ፍሳሹ ሲለቀቅ ከወንዙ በታች የሚኖረው ገበሬ አልተጠሩም። አንተ የደንበኛህ ጠበቃ ነህ እንጂ የእነርሱ አይደለህም፤ ቢሆንም በእነርሱ ላይ የሚወድቀውን ለደንበኛህ ሳትሸሽግ ንገረው። ይህም የነገን ክስና የነገን ውርደት ስለሚያስቀርለት የታመነ አገልግሎት ነው።

ሁለተኛ፥ በጎውን ዓላማ ስትጽፍ መቆለፊያውን አብረህ ጻፍ። ዓላማው ምንድር ነው? ማን ይጠብቀዋል? መፈጸሙ በምን ይለካል? ቢጣስ ማን ሊከስ ይችላል? ለመለወጥስ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል? እነዚህ የሌሉበት በጎ ዓላማ በኖራ እንደ ተለሰነ መቃብር ነው። በዛሬው ዘመን ብዙዎች የበጎ ማኅበር ስም የሚወዱት ዕቃቸው ይሸጥ ዘንድ ነው፤ አንተ የኖራ ለሳኝ አትሁን።

ሦስተኛ፥ ሐሰትን አትጻፍ። ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንድትጽፍ ይለምኑሃል። የትናንትናው ውል ባለፈው ዓመት ቀን እንዲጻፍ ይለምኑሃል። ግብሩ እንዲያንስ የሽያጩን ዋጋ አሳንስ ይሉሃል። አክሲዮኑን በዘበኛው ስም አስቀምጥልን ይሉሃል። «ሁሉም እንዲሁ ያደርጋል፤ ትንሽ ነገር ነው» ይሉሃል። ኤልዛቤልም የጠየቀችው ደብዳቤና ሁለት ምስክር ብቻ ነበር።

አራተኛ፥ ደንበኛህ ማን እንደ ሆነ ዕወቅ። የማኅበሩ ነገረ ፈጅ የማኅበሩ አገልጋይ ነው እንጂ የሥራ አስኪያጁ ሎሌ አይደለም። ኤንሮን የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ማኅበር ዕዳውን በብዙ ትንንሽ ማኅበራት ውስጥ ሸሽጎ በ2001 በከሰረ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ሥራቸውንና የጡረታ ቁጠባቸውን አጡ። በሚቀጥለው ዓመት አገሩ ባወጣው ሕግ፥ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ማኅበራት ጠበቃ ከባድ የሕግ መጣስ የሚያሳይ ማስረጃ ካገኘ ለዋናው ነገረ ፈጅ ወይም ለሥራ አስኪያጁ እንዲነግር፥ እነርሱ ተገቢውን ካላደረጉ ደግሞ ወደ አስተዳዳሪዎች ቦርድ እንዲወጣ የሚያስገድድ ደንብ ታዘዘ። ሕጉ ባይኖርም የታመነ አገልጋይ የሚያደርገው ይህን ነው። የቤቱ መጋቢ ሲሰርቅ ያየ፥ ለቤቱ ጌታ ይናገራል።

አምስተኛ፥ ምሥጢር ጠብቅ፤ ነገር ግን ምሥጢር መጠበቅና በክፋት መተባበር አንድ አይደሉም። የደንበኛህን ነገር በቡና ቤት አታውራ፤ ለሚስትህም አትንገር። ሕግ እንድትናገር ካላዘዘህ ወይም ካልፈቀደልህ ዝም በል። ክፉውን ወረቀት እንድትጽፍ በተጠየቅህ ጊዜ ግን ምሥጢሩን እንደ ያዝህ ሥራውን መተው ትችላለህ።

ስድስተኛ፥ ድሃ የሚፈርመው ውል ድሃ በሚያስተውለው ቋንቋ ይጻፍ። የማይነበብ አንቀጽ የተሸሸገ ጉድጓድ ነው።

፰. «እኔ እንቢ ብል ሌላው ይጽፈዋል»

የመጨረሻው ምክንያት ይህ ነው፤ ብዙ ቅን ወጣቶችም በዚህ ይሰናከላሉ። እውነት ነው፥ ሌላው ይጽፈው ይሆናል። አንተ ግን የምትጠየቀው ሌላው ስለ ጻፈው አይደለም፤ በእጅህ ስለ ጻፍኸው ነው። ደግሞም ብዙ ባለጠጋ ከአገልጋዮቹ አንድም «አይሆንም» ሰምቶ አያውቅም። የመጀመሪያውን «አይሆንም» ከሚያከብረው ሰው አፍ በሰማ ጊዜ ቆሞ ያሰበ ብዙ አለ። ስለዚህም እንቢታህ የቁጣ አይሁን፤ «ይህን አልጽፍም፤ የሚያዋጣህን ሌላ መንገድ ግን ላሳይህ» በለው። በጎውን መንገድ የማያውቅ ጠበቃ እንቢ ቢል ለራሱ ንጹሕ ይሆናል፤ የሚያውቅ ግን ደንበኛውንም ያድናል። በሞያህ ጥልቅ መሆን የሚገባህ ስለዚህ ነው።

እንቢ ማለት ዋጋ የለውም ብለን አንዋሽህም። ደንበኛው ይሄዳል፤ የቤት ኪራይ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል፤ የልጆችም የትምህርት ቤት ክፍያ አይዘገይም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድመህ አድርግ፦ ኑሮህን በባለጠጋ ደንበኛህ ልክ አትስፋው። ኑሮውን በደንበኛው ልክ የሰፋ ጠበቃ እንቢ ለማለት አይችልም፤ ብዕሩ ተይዞበታልና። በልክ የሚኖር ግን ለሦስት ወር የሚበቃ ስንቅና ነጻ እጅ አለው። ክርስቲያናዊ ቁጥብነት ለነገረ ፈጅ ጌጥ አይደለም፤ የሞያው ጋሻ ነው።

እንግዲህ የሕግ ተማሪ የሆንህ ወንድሜ፥ የሆንሽም እህቴ፥ የማኅበር ሕግ ለነፍስ የማይጠቅም የገንዘብ ጥበብ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከወረቀት የሚወለደው ሰው ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ ይረዝማል፤ እጁም ከእጃችን ይረዝማል፤ እኛ ከሞትን በኋላ ለሠራተኛው አባት ወይም ቀማኛ የሚያደርገው ዛሬ የምንጽፍለት ቃል ነው። ሐሰቱን እንቢ እያላችሁ፥ በጎውን እየቆለፋችሁ ጻፉ። ስማችሁን ማንም ባያውቀው፥ ጽሑፋችሁ በሸክላ ዕቃ እንደ ተቀመጠው ውል ለብዙ ዘመን ይቆያል።

እግዚአብሔር ለእጃችሁ ጽናትን፥ ለልባችሁም ማስተዋልን ይስጣችሁ። አሜን።